የፍም ደረት

ከወረኢሉ ሜዳ በታች፣ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላ በሚወርድበት ገደል፣ አንድ የጭላዳ መንጋ ይኖር ነበር። ቀን ከአፋፉ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ማታ ወርዶ በገደሉ እርከኖች ላይ ተቃቅፎ ያድራል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የለም፤ ከነዝንጀሮና ከነጦጣ ተለይቶም ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ነው። ለጭላዳ እንግዲህ የቀኑ ሣርና የማታው ማደሪያ የሞት ሽረት ጉዳይ ናቸው።

የመንጋው አውራ አያ ቋጥኝ ይባል ነበር። በደህናው ዘመኑ ደረቱ ላይ ያለው ገላጣ ቆዳ ቀይ ነበር፤ እያደር ግን ገረጣ። የጭላዳ ደረት ጉልበቱን አይደብቅም፤ አውራው ሲበረታ ይቀላል፣ ሲደክም ይደበዝዛል። ቋጥኝ ደረቱ ገርጥቶም ቦታውን አልለቀቀም። ቅር ያለውን እየነከሰ፣ ጠጉሩን እየነጨ፣ ያጉረመረመውን ከውጭኛው ጠርዝ እያሳደረ ቆየ። ከውጭኛው ጠርዝ ያደረ ደግሞ ነብር ሲመጣ መጀመሪያ የሚገኘው እሱ ነው። በዚያ ዘመን ከላይኛው እርከን ላይ አንድ ስንጥቅ ታየ። በክረምት ውሃ እየገባበት፣ በኅዳር ውርጭ እየነከሰው ሰፋ። ሁሉም ያውቀዋል፤ በአፉ የሚያነሣው ግን የለም። ስንጥቁን ማንሣት ቋጥኝን መንካት ይመስል ነበርና።

የመንጋው ሕግ እንዲህ ነው። ወንዶቹ ያገሳሉ፣ ይናከሳሉ፣ ገደል ለገደል ይሳደዳሉ። አውራው ማን እንደሆነ የሚለየው ግን ሴቶቹ ከአጠገቡ ተቀምጠው ጠጉሩን ሲፈትሹለት ነው። ሴቶቹ ያልቀረቡት ወንድ ምንም የጥርስ ባለጸጋ ቢሆን ብቻውን ያድራል። ይህ ከተረቱ ውጭም እውነት ነው፤ ጭላዳን ለዓመታት የተከታተሉ ሰዎች አውራው የሚጸናው በጡንቻው ብቻ እንዳልሆነ፣ የሴቶቹ ፈቃድ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ጽፈዋል።

በአንድ ጥቅምት፣ ከመካነ ሰላም በኩል፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ከሆነው ከደንቆሮ ጫካ አንድ ወጣት ጭላዳ መጣ። ጎፈሩ ትከሻውን አልፎ ወገቡ ላይ ይወድቃል። ደረቱ እንደ ፍም ቀልቷል፤ ስሙንም ከዚያው አገኘ፣ አያ ፍም ተባለ። ቋጥኝ አንዴ አገሳበትና ፊቱን አዙሮ ሄደ። ትግልም አልነበረም። አልቆለት ነበር።

መንጋው አፋፉ ላይ ተሰብስቦ አዲሱን አየ። ፍም ከአንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ እንዲህ አለ፦

«ከእንግዲህ በመካከላችን የሚናከስ የለም። የተነጨ ጠጉር ሁሉ ይበቅላል። ከውጭኛው ጠርዝ ስታድሩ የኖራችሁ እናንተም ልጆቻችን ናችሁ። ከእኔ ጋር ለዚህ ቦታ የምትወዳደሩ ጎረምሶች ጠላቶቼ አይደላችሁም፣ ወንድሞቼ ናችሁ። ሣሩ ለሁላችን ይበቃል፤ ገደሉም የሁላችን ነው።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ገደል ተሰምቶ አያውቅም። አልቅሰው የማያውቁ ዐይኖች ረጠቡ። ጠጉሯን የተነጨችው፣ ለስላሳ እጆች ያሉት አውራ አየች። ልጇን ነብር የወሰደባት ጥርሱን ብቻ ተመለከተች፤ ረጃጅም ነበሩ፣ ደስ አላት። በውጭኛው ጠርዝ ሲበርደው የኖረው ሽማግሌ የደረቱን ሙቀት ከሩቅ የተሰማው መሰለው። ጎረምሶቹ ከጎፈሩ ሌላ ምንም አላዩም። አንዱ ፍም በእያንዳንዱ ዐይን ሌላ ሌላ ሆኖ ቆመ፤ እያንዳንዱም ያየው ለዓመታት የጎደለውን ነበር።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቆየውና ስለ እኛ ልናገር።

በመጋቢት 24 ቀን 2010 ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ፈጽመው የመጀመሪያ ንግግራቸውን ሲያደርጉ፣ እናታቸውንና ባለቤታቸውን ሲያመሰግኑ፣ ተቃዋሚ ሲባሉ የኖሩትን ፓርቲዎች ተፎካካሪ ብለው ሲጠሩ፣ ልቡ የተነካ ሰው ብዙ ነበር። አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት የተቃውሞ፣ የእስርና የለቅሶ ዓመታት ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የእናት ስም ከመንግሥት መድረክ ሲነሣ ሰው የሚሰማው ተናጋሪውን ብቻ አይደለም፣ የራሱን ናፍቆትም ነው። ይህን የምለው ያን ቀን የተደሰተውን ልወቅስ አይደለም። ናፍቆቱ እውነተኛ ነበር። ተስፋ ማድረግም ለመራጭ ነውር አይደለም።

ነገር ግን ያን ቀን የተደሰተው ሕዝብ መሪውን አልመረጠም ነበር። የገዥውን ግንባር የኢሕአዴግን ሊቀ መንበር የመረጠው 180 አባላት ያሉት የግንባሩ ምክር ቤት ነው። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንዲመረጥ ይደነግጋል። የወረኢሉ ወይም የመካነ ሰላም ገበሬ ድምፁን የሚሰጠው ለምርጫ ክልሉ እጩ ነው፤ የፓርቲውን መሪ የሚያገኘው በዚያ እጩ በኩል ነው። የገጠር መራጭ ብዙ ጊዜ ከመሪው ፊት በፊት የሚያውቀው ምልክቱን ነው፤ በ1997 በግንቦት 7ቱ ምርጫ ንብና ሁለት ጣት በየመንደሩ ይታወቁ ነበር። በዚያው ዓመት የፓርቲ ሰዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲከራከሩ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የመሪዎቹን ድምፅና አነጋገር ከምልክታቸው ጋር አገናኘ። ያ ክርክር እስከ ዛሬ የሚናፈቀው፣ እንደኔ ግምት፣ ጠያቂና ተጠያቂ ፊት ለፊት ስለተቀመጡበት ነው። ንግግር ልብን ያሞቃል፤ ጥያቄ ግን መሪው ሳይዘጋጅበት የሚመልሰውን ያስወጣል። አዲስ የፓርቲ መሪ ብቅ ባለ ቁጥር «ሰውየው ግርማ አለው፣ አነጋገሩ ያምራል» ሲባል ስሰማ የሚያሳስበኝ፣ መራጩ የመጀመሪያዋን ቀን በማድነቅ ብቻ እንዳያሳልፋት ነው። ያች ቀን መሪው ገና ለመወደድ የሚጓጓባት፣ ስለዚህም ለመጠየቅ ከሁሉ የምትመች ቀን ናት።

ወደ ገደላችን እንመለስ።

በመንጋው ውስጥ እመት ጓሲት የምትባል ባልቴት ነበረች። ከቋጥኝ በፊትም አውራ ያየች፣ ከዚያም በፊት ያየች። የፍም ንግግር እሷንም ነክቷት ነበር፤ አልካደችም። ማታ በላይኛው እርከን ከልጅ ልጇ ከጤዛ ጋር ተቃቅፈው ሳሉ ጤዛ ጠየቀቻት።

«እምዬ፣ ለምን ሄደሽ ጠጉሩን አልፈተሽሽለትም? ሁሉም ተሰልፎ ነበር እኮ።»

«ልጄ፣ ጆሮዬን ደስ አሰኘው። ነገር ግን ከተናገረው ውስጥ በእጄ የምይዘው ፈለግሁ፣ አጣሁ።»

«ሣሩ ለሁላችን ይበቃል አለ!»

«አለ። የቱ ሣር? መቼ?»

ጤዛ ዝም አለች። ጓሲትም ከአያቶቿ የሰማችውን ነገረቻት። ያን ነገር ለጭላዶች ያመጣው ማጅራቱ ነጭ የሆነው የደጋ ቁራ ነው፤ ቁራ ሰው ከሰፈረበት አይጠፋም።

«በ1888 መስከረም ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ አስነገረ። ከባሕር ማዶ የመጣ ጠላት አገሩን ገብቶበት ነበር። ቁራው እንዳለው፣ በአዋጁ ውስጥ ቦታ ነበረበት፤ ወረኢሉ፣ ይኸው ከራሳችን በላይ ያለው ሜዳ። ቀን ነበረበት፤ እስከ ጥቅምት እኩሌታ። ጉልበት ያለው ምን እንደሚያደርግ፣ ጉልበት የሌለውም ምን እንደሚያደርግ ለየብቻ ተነግሮበት ነበር። ከዚያ አያቶቻችን ከዚህ አፋፍ ሆነው ሲያዩ ሜዳው በድንኳን ተሸፈነ። ጥቅምት ሳይወጣ ንጉሡ ራሱ ደረሰ። የዚያ ነገር መጨረሻ የካቲት 23 ዐድዋ ላይ ሆነ።»

«ንጉሡ ደግ ነበር?»

«ልጄ፣ በዚህ ምድር የወደደው አለ፣ ያዘነበትም አለ። ወሎ ውስጥ ስለ እሱ በአንድ አፍ የሚናገር አታገኚም። እኔ የምልሽ ስለ ቃሉ ነው። ጥቅምት አልፎ ሜዳው ባዶ ቢሆን ኖሮ፣ በግ የሚጠብቅ ሕፃን እንኳ ቃሉ መታጠፉን ያውቅ ነበር። ፍም የተናገረው ግን ቢፈጸምም ባይፈጸምም የምናውቅበት መንገድ የለውም። ለዚህ ነው እጄን የሰበሰብሁት።»

«እና ውሸታም ነው?»

«አላልሁም። ገና አልተጠየቀም።»

በማግስቱ ጠዋት መንጋው ሣር ላይ ተበትኖ ሳለ፣ እንደ ልማዱ አንድ ቀይ ቀበሮ መጣና በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይራመድ ጀመር። ፍም አየው። ጎፈሩን ነስንሶ፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየ፤ ቀበሮውንም እስከ ሸለቆው ጫፍ አባረረው። መንጋው ጮኸ። «አገር ጠባቂ! ጀግና!» የሚለው ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ አስተጋባ። ጎረምሶቹ ፍምን ከበቡት፤ ከዚያ ቀን ጀምረው አጃቢዎቹ ሆኑ።

ጓሲት አልጮኸችም። ያ ቀበሮ ከጭላዳ ግልገል አንዱን ነክቶ አያውቅም። የሚመጣው ለአይጥ ነው። በመንጋው መካከል ሲሄድ አይጦቹ አይጠረጥሩትም፣ እሱም በቀላሉ ይይዛቸዋል። ይህንንም ከተረት የተወለደ አያድርጉት። ከወረኢሉ ብዙም ሳይርቅ በመንዝ ጓሳ ጥናት ያደረጉ ሰዎች ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ እንደሆነ፣ በጭላዳ መካከል ሲሆን ግን 67 ያህሉ እንደሚሳካለት ቆጥረዋል። ጭላዳም ቀበሮውን አይሸሽም፤ ቀበሮውም ብዙ ጊዜ ግልገል አይነካም። ማንም ያልጻፈው ውል ነው።

ፍም ክፉ አስቦ አልነበረም። አዲስ ነውና ምልክቱን አላወቀም። ሕዝቡ ጀግንነት ፈለገ፣ ቀበሮው ቅርብ ነበር፣ ሊያባርሩትም ቀላል ነበር። ነብሩ ግን ሩቅ ነው፤ ስንጥቁም አያገሳም። አዲስ አውራ በመጀመሪያ ሳምንቱ ከሁሉ የሚፈተነው በዚህ ይመስለኛል። የሚያስጨበጭበው ጠላትና የሚጎዳው ጠላት አንድ ሆነው አያውቁም ማለት ይቻላል፤ ጭብጨባውም ቶሎ የሚገኘው ከመጀመሪያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓሲት ተነሥታ ወደ ፍም ሄደች። አጃቢዎቹ ባልቴቷ በመጨረሻ እጅ ሰጠች ብለው መንገድ ለቀቁላት። ከጀርባው ተቀምጣ ጠጉሩን እንደምትፈትሽ አጠገቡ ሆነችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«አያ ፍም፣ እንኳን ደህና መጣህ። ላይኛው እርከን ተሰንጥቋል። ክረምት ከገባ ይዞን ይወርዳል። እዚያ የምናድር ሴቶችና ግልገሎች ነን። ወዴት እንውረድ? መቼ?»

ፍም ከመመለሱ በፊት አጃቢዎቹ ተንጫጩ።

«በደስታችን ቀን!»

«ስንጥቁ የቋጥኝ ነው፣ ሂደሽ ቋጥኝን ጠይቂ!»

«ይቺ ድሮም ለቋጥኝ የምታደላ ናት።»

አንዱ ጎረምሳ ጠጉሯን ያዘ፤ አልነጨም፣ ያዘ ብቻ። ጓሲት የፍምን ፊት ተመለከተች። ፍም ጎረምሳውን አላዘዘውም፣ አልከለከለውምም። ወደ ሸለቆው ማዶ ተመለከተ። «ሁሉም ይሆናል፣ እመት» አለ። ጓሲትም እጇን ሰብስባ ተመለሰች።

ጤዛ እያለቀሰች መጣች። «በቃ እንደ ቋጥኝ ነው!»

«አይደለም» አለቻት ጓሲት። «ቋጥኝ ቢሆን ነክሶኝ ነበር። ይሄኛው አፈረ። ያፈረ ደግሞ ሌሊት ሊያስብበት ይችላል። እኔ ጠይቄዋለሁ፤ ነገ አንቺ ጠይቂው። ከነገ ወዲያ ልጇን ያጣችው ትጠይቀው። አንድ ጥያቄ፣ ያንኑ።»

እንዲሁ አደረጉ። ጤዛ ጠየቀች፤ አጃቢዎቹ ሳቁባት። ልጇን ያጣችው ጠየቀች፤ ሊስቁባት አልደፈሩም። በውጭኛው ጠርዝ ያደር የነበረው ሽማግሌም አንካሳ እግሩን እየጎተተ ሄዶ ጠየቀ። ፍምን ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አላወደሰውም። ወዴት? መቼ? ብቻ። ሴቶቹም ጠጉሩን መፈተሽ አቆሙ። አላባረሩትም፤ ከአጠገቡ ሣር ይግጣሉ፣ ሲያልፍ ሰላም ይሉታል፣ እጃቸውን ግን አይሰጡትም። በዚህ መካከል ቀበሮው የተባረረበት ሣር ላይ አይጦች በረከቱ። የሣሩን ሥር እየቆረጡ መሬቱን ወንፊት አደረጉት። ሣሩ ለሁላችን ይበቃል የተባለበት አፋፍ በዐይን እየሳሳ ሄደ።

አንድ ምሽት ፍም አጃቢዎቹን ትቶ ብቻውን ወደ ላይኛው እርከን ወጣ። ግልገሎቹ ደነገጡ። እሱ ግን ከጓሲት ፊት ተቀመጠ።

«እመት፣ ስንጥቁን ያሳዩኝ።»

አሳየችው። እጁን አስገባ፤ እስከ ክንዱ ገባ። እጁን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ይህን ያህል መሆኑን ማንም አልነገረኝም።»

«ስንነግርህ የሰነበትነው ይህንኑ ነው።»

ፍም አልተከራከረም። «ከእናንተ በታች፣ ከወይራው ሥር ያለው እርከን ደህና ነው። ሰፊ ነው፣ ነፋስም አይመታውም።»

«እሱ የአጃቢዎችህ ማደሪያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከነገርካቸው ይቆጡሃል። አንዱ ነገ ጥርሱን ያሳይሃል።»

«ይህንንም አውቃለሁ፣ እመት። ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው ነበር።»

ጓሲት በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱን ትታ ፊቱን አየች። ደረቱ በጨለማው አይታይም ነበር። «እንግዲያው ለእኔ ብቻ አትንገረኝ» አለችው። «ነገ ከዚያው ድንጋይ ላይ ወጥተህ ለሁሉም ተናገረው። ቦታውንም ቀኑንም።»

በማግስቱ ፍም ድንጋዩ ላይ ወጣ። መንጋው እንደ መጀመሪያው ቀን ያለ ንግግር ጠብቆ ተሰበሰበ። እሱ ግን አጭር ነበር። «ላይኛው እርከን ይፈርሳል። ግንቦት ሳይወጣ ሴቶችና ግልገሎች ከወይራው ሥር ይወርዳሉ። ወንዶቹ፣ እኔም ጭምር፣ ወደ ውጭኛው ጠርዝ እንወጣለን። ቀበሮውን ያባረርሁት ሳላውቅ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ሲመጣ ማንም እንዳይነካው።»

ጭብጨባው ትንሽ ነበር። ገሚሱ «ያኔ ገደሉን ሁሉ ሰጥቶን ዛሬ አንድ እርከን ይቆጥራል?» እያለ አጉረመረመ። በጎፈሩ የተማረኩት አዘኑ። ከአጃቢዎቹ ሁለቱ እዚያው ጎፈራቸውን ነሰነሱ፣ አንዱም ጥርሱን አሳየ። ፍም ከድንጋዩ አልወረደም፤ ወደ ጥርሱም አልተመለሰም፣ ቃሉንም አላጠፈም። ልጇን ያጣችው እናት ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ «ግንቦት ሳይወጣ አልህ፤ ሰምተናል» አለችው። ሽማግሌውም «ከወይራው ሥር አልህ፤ ሰምተናል» አለ።

ጓሲት ከኋላው ሄዳ ተቀመጠች። ጠጉሩን ከግራ ትከሻው ጀምራ ፈተሸችለት። ግራውን ጨርሳ ቀኙን ሳትነካ ተነሣች።

ጤዛ ሮጣ ደረሰችባት። «እምዬ፣ እንግዲህ መረጥሽው ማለት ነው?»

«ግራ ትከሻውን ፈተሽሁለት።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ የግንቦት ነው። ግንቦት ሲመጣ ወይራው ሥር ወርደን እናያለን፤ አጃቢዎቹ ከለቀቁልን ቀኙን አንቺ ትፈትሺለታለሽ። ካልለቀቁልን ደግሞ እንደገና እንጠይቀዋለን። ነይ አሁን፣ ሣሩ ፀሐይ ሳያገኘው እንብላ። ያ ማዶ ብቅ ያለው ቀበሮው ሳይሆን አይቀርም፤ መንገድ ልቀቂለት።»